በሳነቴ ዝም ያለው ጄነሬተር

ውዴ ደሬ፣

ከተለያየን ዓመት አልፎ ሌላ ክረምት ገባብኝ። እስከዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ አጥቼ አይደለም። ያለኝን ሁሉ በየእሑዱ መቃብርህ ላይ ቆሜ ስለምለፈልፈው ነው። ይሄኛውን ግን እዚያ ቆሜ ልነግርህ አልቻልኩም። መቃብር ቦታ ሰው አይጠፋም፣ ሰው ደግሞ ይህን ወሬ ከኔ አፍ አንዴ ሰምቶ በቅቶታል። ስለዚህ በሬን ዘግቼ እየጻፍኩልህ ነው። የማመጣልህ ክፉ ወሬ ነውና ቀስ ብዬ ልንገርህ።

መጀመሪያ የቤቱን ስማ። ሮቤ እንደተውካት ናት፤ ጭቃውም ባጃጁም ትንሽ ጨምሯል። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ሲመጣ የጎረቤት ልጆች አሁንም በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። በጓሮ በኩል ያለው አጥር በዝናቡ ተንዶ በቆርቆሮ አሳጠርኩት። ከጎባው ሆቴል ሥራዬ ወጥቻለሁ። እንግዳ መቀበያ ቆሜ ፈረንጅ ሳስተናግድ ያረጀ እግሬ በቃኝ ብሏል። ሱቅህ ክፍት ነው። ስምህ ያለበት ሰሌዳ አልወረደም፣ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚሠራው ግን የወንድምህ የጋሽ ተፈራ ልጅ ነው። ልጁ ጨዋ ነው፤ የተቃጠለ ዲናሞ ሲያመጡለት ግን ፊቱ ይጠቁራል። ስንዴ ሲደርስና ኮምባይነሮቹ ከአርሲ መጥተው መንገዱን ሲሞሉት፣ አንዱ አልነሳ ባለ ቁጥር ሰው "ወይ ደሬ ቢኖር!" ይላል።

ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ልጅ አልሰጠንም። ካንተ የቀረኝ ይህ ስምህ ብቻ ነው። የባሌ ሹፌር ሁሉ የሚያውቀው ስም ነው፤ ከጊኒር እስከ ዲንሾ "ሽቦ ከሆነ ደሬ ጋ ሂድ" የሚባልበት። እኔም የዚህ ስም ሚስት ነኝ ብዬ ቀና ብዬ ስሄድ ኖሬያለሁ። አሁን የምነግርህን ከሰማህ በኋላ ብትቀየመኝም አልፈርድብህም።

ተንቀሳቃሹ ቤትህም፣ ያ ትልቁ መኪና፣ ግቢው ውስጥ ቆሟል። የሮቤ ሰው ያወጣለት ስም ስሙ ሆኖ ቀርቷል፣ እኔም ሌላ ስም አላውቅለትም። አስጎብኚው ድርጅት ቱሪስት ሲጠፋበት በርካሽ ሲጥለው፣ አንተ እንደ ሙሽራ አስጊጠህ ይዘኸው የገባህበትን ቀን አትረሳውም መቼም። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መታጠቢያ አለው፣ ጣሪያው ላይ የፀሐይ መብራት ሰሌዳ ተደርድሯል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ "ቤት እያለን ቤት ገዛህ?" አልኩህ። አንተ ግን አልጋውንም ምድጃውንም አላየኸውም። ወለሉን ከፍተህ የባትሪዎቹን መደዳ ታያለህ። ከሁሉ ያስደነቀህ ያቺ ትንሽ ስክሪን ነበረች፤ ባትሪው ስንት በመቶ እንደቀረው ሌት ተቀን የምትናገረው። ባትሪው ሲደክም ደግሞ ማንም ሳይነካው ጄነሬተሩን ራሷ ታስነሳዋለች፣ ሲሞላ ራሷ ታጠፋዋለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሆን ብለህ ባትሪውን እያደከምክ "ተመልከቱ፣ ማንም አልነካውም!" ትል ነበር። ይህን ትርኢት ያላየ የሮቤ ሰው የለም።

ይህን ሁሉ አብሮህ የፈታውና የገጠመው ጀማል ነው። ከጊኒር መጥቶ ሱቅህ ውስጥ ሽቦ መላጥ ሲጀምር ጢም አልነበረውም፤ ሲለየን የሁለት ልጆች አባት ነበር። አንተ በረመዳን ቀን ፊቱ ውሃ ላለመጠጣት ጓሮ ትሄዳለህ፣ እሱ በሁዳዴ ጾም ሥጋ ቤት በኩል አያልፍም። ወንድሞችህ ሲሰሙ ባይወዱትም "ሱቁ የጀማል ነው" እያልክ ትናገር ነበር። ሰው ሁሉ ገዳይህ ነው ያለው ይህ ጀማል ነው። የምጽፍልህ ስለዚህ ነው።

ሳንባህ ሲደክም ጎባ ሆስፒታል ኦክስጅን ታዘዘልህ፣ ማሽኑንም በስንት ልመና አገኘን። ማሽን ግን ያለ መብራት ሣጥን ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ከንፈርህ ሲጠቁር እያየሁ ጎረቤት ለጎረቤት ስሮጥ፣ አንተ ነህ መላውን ያመጣኸው። "አልጋዬን ወደ መኪናው አውጡልኝ፣ እዚያ መብራት አይሄድም" አልክ። ከመኝታ ቤታችን ወጥተህ ግቢያችን ውስጥ ወደቆመው መኪና ገባህ። እኔ ሾርባ ይዤ በጭቃው እመላለሳለሁ፣ አንተ ከትራስህ በላይ ያለችውን ስክሪን ታነባለህ። ስገባ "ሰማንያ ናት" ትለኛለህ፣ ሰላምታችን እሱ ሆነ። እኔ የትንፋሽህን ነገር ልጠይቅህ እፈልጋለሁ፣ አንተ የባትሪውን ትነግረኛለህ። ተናድጄ "እኔንም እንደዚህ አትኩረህ አይተኸኝ አታውቅ" ስልህ ሳቅክና ሳሉ ያዘህ። ያን ቀን ማስቄን ጠላሁት።

አንድ ቀን ደግሞ ስክሪኗ ላይ ያለው ሰዓት አናደደህ። የፈረንጅ ሰዓት ነበር። "ታምሜ ተኝቼ ደግሞ ስድስት ደምር፣ ስድስት ቀንስ ስል ልዋል?" ብለህ፣ ቁልፎቹን እየነካካህ ሰዓቷን ከኛ ሰዓት ጋር አስተካከልካት። ከጠዋቱ አንድ ሲሆን አንድ እንድትል፣ ቀን ሰባት ሲሆን ሰባት እንድትል። "አሁን አገሩን ለመደች" አልከኝ። እኔም ጎበዝ ብዬህ ሾርባህን አጠጣሁህ። ደሬ፣ ይህን ነገር ያዝልኝ፤ የወሬዬ ሥር እሱ ነው።

ከዚያ ሐኪሙ "ከዚህ ከፍታ ውረድ፣ ቆላ ይሻልሃል" አለ። ደሎ መና ዘመድ አለን፣ ሙቀቱም አየሩም ደህና ነው፣ በጀርባዬ ተኝቼ ማር እየላስኩ እድናለሁ አልክ። መሃል ላይ ግን ከሮቤም በላይ ከፍ ያለው የሳነቴ አምባ አለ፤ ሐኪሙም "እዚያ አትቁሙ፣ ቶሎ እለፉት" ብሎ ነበር። እኔ ቤቱን ላሰናዳ በጠዋቱ አውቶቡስ ቀድሜ ወረድኩ። አንተና ጀማል መኪናውን አይታችሁ ከሰዓት በኋላ ልትነሱ ተባባልን። በመስኮት በኩል ጭንቅላትህን ስሜህ ነበር የሄድኩት። እንዲያው ለወጉ ያህል፣ ቸኩዬ። ማታ የምንገናኝ መስሎኝ።

ደሎ መና አልጋ አነጠፍኩ። ለማሽኑ የሚሆን ጠረጴዛ ተዋስኩ። ዶሮ ታረደ። ስልክህ አልሠራ አለኝ፤ ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም ተባልኩና ተጽናናሁ። የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። ሳነቴ ሜዳው ላይ አንድ ከባድ መኪና በጭቃው ተንሸራቶ መንገዱን ዘግቶ ነበር። ወደ ኋላም ከኋላችሁ መኪና ተደርድሯል። በረዶ ዘነበ፣ ጉሙ ወረደ፣ ማንም ሳይንቀሳቀስ እዚያው ታደረ። የመንጃው ባትሪ ለብቻው፣ የቤቱ ባትሪ ለብቻው ስለሆነ ሞተር ማስነሳት ላንተ ማሽን አይጠቅመውም። ግን ማን ፈራ? ምሽት ላይ ባትሪው ሲደክም ጄነሬተሩ ራሱ ተነስቶ ሞልቶት ጠፋ። ሁለታችሁም ሰማችሁት። ስለዚህ ጀማል ፊት ለፊት ሹፌር ክፍል ውስጥ ተጠቅልሎ ተኛ።

ረፈድ ብሎ፣ ጉሙ ሳይገለጥ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ መንገዱ ተከፈተ ብለው የከባድ መኪናው ሰዎች የጀማልን መስኮት መቱት። ወደ ኋላ ሲመጣ ማሽኑ ቆሟል፣ አንተም ቆመሃል። ያ ቅዝቃዜ ባትሪውን ጨርሶታል። ጄነሬተሩ ድምፁን አላሰማም።

እስከ ሪራ እየጮኸ ነዳ። የሪራ ጤና ጣቢያ ሰዎች ነፍስህ መውጣቷን ነገሩት። እሱ ግን ወደ ጎባ አልተመለሰም፣ ወደ እኔ አመጣህ። በሐረና ጫካ ውስጥ እንዴት አድርጎ እንደነዳ አላውቅም። ግቢው በር ላይ ሲቆም ደስ ብሎኝ ሮጥኩ፤ ነጠላዬን እንኳ አላደረግኩም። ጀማል ከመኪናው ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ገባኝ።

ሴቶቹ መጡ፣ ልቅሶው ቀለጠ። እኔ መኪናው ውስጥ አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እግርህን ይዣለሁ። በዚያ መሃል ከሥሬ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ጄነሬተሩ ተነሳ። ማንም ሳይነካው፣ እንደዚያ ለእንግዳ ስታሳይበት እንደነበረው። ሴቶቹ ጮኸው ከመኪናው ዘለሉ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም፤ ልትነሳ ነው ብዬ እግርህን ጠብቄ ያዝኩ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ላንተ ነው የምነግርህ።

ነገር ከዚያ ጄነሬተር መጣ። ጋሽ ተፈራ ከሮቤ ደርሶ ሲሰማ፣ ሄዶ ነዳጁን አየ፣ አልጎደለም። ቁልፉን ተጫነ፣ ወዲያው ተነሳ። ጄነሬተሩ ጤነኛ ነው፣ ነዳጁ ሙሉ ነው። እንግዲያው ማን ቀረ? "ድምፁ እንቅልፍ ሲነሳው አጥፍቶት ተኛ፤ ጠዋት መልሶ አበራው" አለ። ሮቤ ከመለስንህ በኋላ፣ ልቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት። ጀማል ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። "ተኝቻለሁ" ብቻ አለ። ሰው ይህን እንደ ማመን ቆጠረው። ሳጥንህን ሊሸከም ትከሻውን ሲያስገባ ወንድምህ በክንዱ ገፋው፣ ጀማልም ወደ አጥሩ ሄዶ ቆመ። ቀብርህን ከአጥር ውጭ ቆሞ ነው ያየው። አጥፍቶት ይሆናል ብዬ አንድ ቀን አምኜ አላውቅም። አለመሆኑን ግን በምን ላሳይ? ከዚያ መሣሪያውን ሱቅህ ውስጥ ትቶ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ጊኒር ሄደ። ሮቤ ውስጥ ስሙ ሲነሳ ሰው "ያ የተኛው" ይላል።

አሁን ወዳመጣኝ ነገር ልግባ። ሙት ዓመትህ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መብራት ሄዶ ቀረ። የአካባቢያችን ትራንስፎርመር ተቃጠለ ተባለ። እኔም ለድግሱ የገዛሁት ሥጋ እንዳይበላሽ ወደ መኪናው ፍሪጅ አስገባሁትና ያቺን ስክሪንህን አበራኋት። በራሱ ይነሳል የተባለውን ጄነሬተር እንዲነሳ ተውኩት። ጠዋት ስሄድ ፍሪጁ ጠፍቷል፣ ሥጋው ውሃ ለቋል፣ ጄነሬተሩ ዝም። በል እንግዲህ፣ እሱም ባሌን ተከትሎ ሞተ አልኩ። ምሳዬን እየበላሁ ሳለ ግቢው ተንቀጠቀጠ። ብቻውን ተነሳ። እንጀራው ከእጄ ወደቀ። እውነቱን ልንገርህ፣ መጣህ ብዬ ነው የወጣሁት። "ደሬ?" ብዬ ጠርቼሃለሁ፤ ጎረቤት ሰምቶኝ ከሆነ ያፍርልኝ።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ሌሊቱን ደከመ፣ ጠዋት ዝም አለ፣ በዚያው በምሳ ሰዓት ተነሳ። በሦስተኛው ቀን ምሳዬን ይዤ ገብቼ አልጋህ ላይ ተቀምጬ ስክሪኗን አፈጠጥኩባት። ጥግ ላይ ትንሽ የጨረቃ ሥዕል አለች፣ ከሥሯ 22፡00 – 07፡00 ይላል። ከላይ ያለው ሰዓት ሰባት ሲሆን ጨረቃዋ ጠፋች፣ ጄነሬተሩም ተነሳ።

እንግዳ መቀበያ ሠርቼ ይህ ሊጠፋኝ አይችልም፣ ደሬ። ሆቴላችን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ከማታው ሃያ ሁለት ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሰባት ጫጫታ ክልክል ነው የሚል። ሃያ ሁለት፣ ፈረንጅ የማታ አሥር የሚለው፣ የኛ የማታ አራት ነው፤ ጠዋት ሰባት የሚለው የኛ አንድ ሰዓት ነው። አስጎብኚዎቹ ቱሪስት ድንኳን ውስጥ ሲተኛ ጄነሬተሩ እንዳይረብሽ ብለው ያስገቡት ትእዛዝ ነው። ባትሪው ቢሞትም ባይሞትም በዚያ ሰዓት አትነሳ የሚል። ትእዛዙ የገባው በፈረንጅ ሰዓት ነበር። አንተ ደግሞ ሰዓቷን የኛ አደረግካት። ከዚያ ወዲያ ስክሪኗ ሃያ ሁለት የምትለው የሌሊቱን አሥራችንን ሆነ፣ ሰባት የምትለው የቀኑን ሰባታችንን ሆነ። ከንጋት በፊት ጀምሮ ምሳ እስኪበላ ድረስ ጄነሬተርህ እንዳይነሳ የታዘዘ ነበር። ሮቤ ውስጥ ማን ያስተውለዋል? ጠዋት ጠዋት ወይ መብራት ይኖራል፣ ወይ ጀማል መጥቶ በእጁ ያስነሳዋል፣ ወይ ፀሐይዋ ጣሪያው ላይ ትወጣለች። ሳነቴ ላይ ሦስቱም አልነበሩም፤ ሰዓቷ ባትነካ ኖሮ ግን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳ ነበር።

ሰዓቷን ወደ ፈረንጅ መለስኩት። በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ተነሳ። በሩ ደፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰዓቱን ለመመለስ የፈጀብኝ ጊዜ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አይሆንም።

ጊኒር ሄድኩ። ጀማልን ያገኘሁት ከብት ገበያ ነው፣ ካጎቱ ጋር በሬ ይሸጣል። ከስቷል። ሲያየኝ ዱላውን ጥሎ "እትዬ" አለና እጄን ሊስም ጎነበሰ። ቤቱ ወሰደኝ፣ ሚስቱ ወተት አመጣች። ሁሉንም ነገርኩት። ሰዓቱን፣ ጨረቃዋን፣ ምሳ ሰዓቱን። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። እኔ ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር፤ ከላዩ ላይ ሸክም የማነሳለት መስሎኝ። እሱ ግን ወተቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። ቆይቼ "በዚያ ንጋት ነቅተህ ነበር?" ብዬ ጠየቅኩት። "ይተዉት እትዬ፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ" አለኝ።

ያን ጊዜ የደበቀው ነገር እንዳለ ገባኝ። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በልጆቹ አስምዬ አወጣሁት። ለሱብሒ፣ ለንጋቱ ስግደት፣ ተነስቶ ነበር። በዚያ ብርድ ታጥቦ ውዱእ አድርጎ፣ ከመስገዱ በፊት በሩን ከፍቶ አየህ። ነቅተህ ነበር። የስክሪኗ ቁጥር ዝቅ ብሎ አይቶ "ጋሼ፣ ላስነሳው?" አለህ። አንተም በኦሮምኛህ "ዲሲ፣ ጀማል፣ ተወው። ራሱ ያውቃል" አልከው። ብርድ እንዳይገባብህ በሩን እንዲዘጋ ነገርከው፣ ሄዶ እንዲተኛ ነገርከው። እሱም ታዘዘህ። ሁሌም እንደሚታዘዝህ።

ይህን ቃል ድንኳን ውስጥ ቢናገረው ኖሮ ማንም አይነካውም ነበር። "ጋሼ ሞቶ ተኝቶ፣ እሱ ነው ያለኝ ብዬ ጥፋቱን በሱ ላይ ልጣል? ወላሂ አላደርገውም" አለኝ። አሁንም እንዳልናገር ለመነኝ። "ለጋሼ የቀረው ስሙ ነው። የኔ ስም ምን ይሆናል? ከብት ስም አይጠይቅም" አለ። ልጁ በሩ ላይ ሆኖ ይሰማል። ይህ ልጅ ሮቤ ትምህርት ቤት ውስጥ የነፍሰ ገዳይ ልጅ ተብሎ ተሰድቧል፤ ይህንን ደግሞ ሚስቱ ናት የነገረችኝ፣ ስትሸኘኝ።

ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ካንተ ጋር ተጣላሁ። ምን አለ ቢያስነሳው? ምን አለ አንድ ጊዜ የሰው እጅ ብታምን? አሥራ ምናምን ዓመት ያስተማርከው እጅ ነበር። ተናደድኩብህ ደሬ፣ እንደዚያ ተናድጄብህ አላውቅም። ከዚያ ደግሞ በዚያ ንጋት በሩ ሲዘጋ ብቻህን መቅረትህን፣ ቁጥሯ ሲወርድ እያየህ አሁን ይነሳል፣ አሁን ይነሳል ስትል መጠበቅህን አሰብኩና ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። እየጠበቅክ ነው የሞትከው። በሠራኸው ነገር ላይ አንድም ጥርጣሬ ሳይገባህ።

ሙት ዓመትህ ደረሰ። ጸሎቱ ተደረገ፣ ሰው በላ፣ ጠጣ። ጋሽ ተፈራ ተነስቶ ስለ ሥራህ ተናገረ፣ አማረለት። "በሰው ቸልተኝነት ተቀጠፈ" ብሎ ሲጨርስ እኔ ተነሳሁ። ሴት በዚህ ቦታ እንደማትናገር አውቃለሁ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል ሰው፤ እኔ ያድርገኝ አልኩ። ሰዓቱን የቀየርከው አንተ እንደሆንክ፣ ጄነሬተሩን ዝም ያሰኘኸው አንተ እንደሆንክ፣ ጀማል ላስነሳው ብሎህ ተወው ያልከው አንተ እንደሆንክ ተናገርኩ። ከፈለጋችሁ መኪናው ግቢ ውስጥ ነው፣ ጨረቃዋን ላሳያችሁ አልኩ። ማንም አልተነሳም። አንድ ሽማግሌ ብቻ "ልጄ፣ ለነፍሱ ነው የተሰበሰብነው" አሉኝ። እኔም ለነፍሱ ነው የምናገረው አልኳቸው።

ወንድምህ አለቀሰ። በንዴት ብቻ አልነበረም፣ አውቀዋለሁ፤ አንተን ከልጅነት ጀምሮ በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገህ እሱ ነው። "ወንድሜን ሁለቴ ገደልሽው" አለኝና ወጣ። ብዙ ሰው ተከተለው። የተበላበት ሰሃን እንኳ ሳይነሳ ግቢው ባዶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ወንድሞችህ ቤቴን አልረገጡም። ገበያ ውስጥ ስንገናኝ የጋሽ ተፈራ ሚስት መንገድ ትቀይራለች። ሱቁ ውስጥ ሥራ ቀንሷል ይላሉ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ተብሏል። ኮምባይነር ነጂዎቹ ዘንድሮ ሲመጡ "ደሬ ቢኖር" ሲሉ አልሰማሁም። ሳይሉ ቀርተው ይሁን እኔን አይተው ትተውት እንጃ።

ጀማል ሳልነግረው ሰማ። ቆጣ ብሎ ደወለልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ከነልጁ መጣ፣ መቃብርህ ድረስ ወሰድኩት። ዘበኛው አልከለከለውም፣ አንገቱን ነቅንቆ አሳለፈው። ልጁን አቀፈና ከሳጥንህ ላይ በተገፋበት ቦታ ቆመ። ያለውን አልነግርህም፤ በራስህ ሰምተኸዋል። ሲወጣ ሁለት የሮቤ ሹፌሮች በር ላይ አገኙትና ጨበጡት፣ ስንት ጊዜ ጨበጡት። ያን ጊዜ ልጁ አባቱን ቀና ብሎ ያየበትን ዓይን ብታይ፣ ከኔ ጋር አትጣላም ነበር ብዬ አስባለሁ። አስባለሁ ብቻ ነው፣ አላውቅም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ እሱን ልንገርህና ላብቃ። ከጎንህ ያለችው ቦታ የኔ ናት ብለን ተነጋግረን ነበር፤ ሣር ሆና ትጠብቀኝ ነበር። ባለፈው እሑድ ስመጣ ዙሪያዋ በድንጋይ ታጥራለች። ጋሽ ተፈራ ለራሱ አድርጓታል። ለሰበካው ነግሮ፣ ወረቀት አስጽፎ። ሰው ልኬ አስለመንኩት፣ "ስሙን ያፈረሰች አጥንቱ አጠገብ አትተኛም" አለ አሉ። ሽማግሌ አልሰበስብበትም። እኔ ጀማልን ከአጥር ውጭ አላስቀርም ስል የሚያስከፍለኝ ይኖራል ብዬ ነበር፤ ይህ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም። አንተን ማጣት አንድ ጊዜ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ደሬዬ፣ አልረሳህም። ሌላው ሰው የሚያስታውሰው እንከን የሌለውን ደሬ ነው፣ እሱን ለነሱ ትቼላቸዋለሁ። እኔ የማስታውሰው የሳቀውንም፣ የተሳሳተውንም፣ ተወው ራሱ ያውቃል ያለውንም ባሌን ነው። በየእሑዱ እመጣለሁ፣ የወንድምህ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አወራሃለሁ፤ በሕይወት እያለሁ ከዚያ የሚያስነሳኝ የለም። ስሞት ሌላው ጥግ፣ አጥሩ ዘንድ ይቀብሩኛል። ከዚያም ቢሆን አንተን ነው የማስበው።

ያንተው ጥሩዬ
ሮቤ